የጥላ ተክሎች ሰሌዳ

ቢላ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአቶ ጉሉማ ነመራ
ነቀምቴ

አባ ኮ፣ ጉልበትዎን ክረምቱ እንዴት ይዞታል? እኔ ከአዳዳ በቀለች ቤት ደኅና ነኝ። እኅትዎ ብታፍርብኝም ትመግበኛለች።

ደብዳቤዎ በአቶ ወልደዮሐንስ እጅ ተጽፎ ደረሰኝ። «የተከበርሽ ልጄ ሆይ» ብሎ ይጀምራል። እርስዎ በሕይወትዎ «ሆይ» ብለውኝ አያውቁም። ልጅዎ ሌባ መባሏን ገበያ ዳር ተቀምጦ ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው ለምን ነገሩት? ከተማው ያልሰማ መስሎዎት ነው?

ለምን ሳልሰናበትዎ እንደሄድኩ ጠይቀዋል። ስንብት ፊት ይፈልጋል፤ እኔ በዚያ ሳምንት ፊት አልነበረኝም። ከባኬ ጃማ እስከ ገበያው ድረስ የማውቃቸው ሴቶች ሁሉ ጃንጥላቸውን ወደ እኔ በኩል እያዘነበሉ ያልፉ ነበር። ያስተማርኳት ልጅ እናት እንኳ ጫማዋን እያየች ሰላም አለችኝ።

ተክሎቹስ አብረውሽ ናቸው ወይ ላሉት፣ አዎ፣ አብረውኝ ናቸው። በአዳዳ ጓሮ ከዋንዛው ሥር በጣሳ ተደርድረዋል። አዳዳ በየጠዋቱ እየመጣች «ይህን ጭራሮ ነው ሰረቀች ያሉሽ?» ትለኛለች።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርዎት፤ በቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ፊት አላስጨረሱኝም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የማኅበሩ ሴቶች ለጣሪያው ማሠሪያ ችግኝና አበባ ሲሸጡ እኔ የምሄደው በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ያውቃሉ። ያማረው በመጀመሪያው ቀን ያልቃል። ለመጨረሻው ቀን የሚተርፈው የጠወለገው፣ የተሰበረውና ፀሐይ ያቃጠለው ነው። ዋጋው ይወርዳል፣ ማንም አይጋፋም። እኔ ደግሞ ቅጠል አልገዛም፣ ሥር ነው የምገዛው። አንገቱን በጥፍሬ ጫር አደርጋለሁ። ከቅርፊቱ ሥር ነጭ ወይም አረንጓዴ ከታየኝ ተክሉ አልሞተም፣ ተቀይሟል እንጂ። የትምህርት ቤታችን ደጃፍ ላይ የሚያዩት ቤጎኒያ ሁሉ የተገኘው እንደዚያ ነው።

በዚያም ቀን ሁለት ጣሳ ቤጎኒያ በገንዘቤ ገዛሁ። ከዚያ ከግድግዳው ጥግ አንድ ክምር አየሁ። ኮረሪማ አለበት፣ ቤጎኒያ አለበት፣ ከወንዝ ዳር ከድንጋይ ሥር የሚመጣው ላባ መሳይ ቅጠልም አለበት። ሁሉም ጥላ የሚወድ ተክል ነው። ግንቦትን ሙሉ ጠራራ ላይ አስቀምጠውት ወረቀት ሆኗል። ከፊቱ ሰሌዳ ቆሟል፤ በነጭ ቀለም «ይጣል» ይላል። እኔ ማንበብ እችላለሁ፣ አባ ኮ። ይጣል የተባለውን አነሣሁ፣ በቅርጫት አደረግሁ፣ በዋናው በር፣ በቀን፣ ሰው ሰላም እያለኝ ወጣሁ። ሌባ እንደዚያ አይወጣም።

በጉባኤው ላይ ግን ሽያጩን የሚመሩት ወይዘሮ ሸዋርጋ ተክሎቹ ለባለቤታቸው መሥሪያ ቤት በረንዳ የተለዩ ነበሩ አሉ። ሰሌዳውም «የጥላ» ነው የሚለው፣ ፀሐይ እንዳይነካቸው ነው የተጻፈው አሉ። እሳቸው ይበሉ። ከዚያ እርስዎ ተነሡ። የግቢው አትክልተኛ እርስዎ ነዎት፤ ሰሌዳውን የጻፉትም እርስዎ ነዎት። ልቤ እርፍ አለ፣ አባቴ እውነቱን ሊናገር ነው ብዬ። እርስዎ ግን ዐይኔን ሳያዩ «እኔ የጻፍኩት ጋዲሳ ብዬ ነው፤ የጥላ ብዬ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ያልኩትን ያስታውሳሉ። ከተማው ሁሉ ያስታውሳል። «አባቴ ይዋሻል» አልኩ። ከዚያ በኋላ «ሰሌዳውን አምጡ» ያለ ሰው አልነበረም። አባቷን ዋሾ ላለች ልጅ ሰሌዳ ምን ያደርግላታል?

ይቅርታውን በተመለከተ መልሴ ይኸው ነው። ከመስቀል በኋላ ትምህርት ቤት ሲከፈት ቦታዬን ላገኝ ከፈለግሁ በጉባኤ ፊት ቆሜ «ሰርቄአለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ማለት አለብኝ፤ አለዚያ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ይሰጥ። ተክሎቹን ግን እመልሳለሁ። ደርቀው የወሰድኳቸውን አለምልሜ እመልሳለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። የማታ ትምህርቱን ጨርሰው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። ደግመው ሌባ የሚሉኝ ከሆነ በገዛ እጅዎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ድርቤ

---

ነቀምቴ፣ ነሓሳ መጀመሪያ

ይድረስ ለልጀ ለድርቤ።

በእጅዎ ይጻፉ አልሽኝ። ይኸው ጻፍኩ። ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ስሕተት ካላ የምታይው አንቺ ብቻ ነሽ።

ደሕና ነኝ። ጉልበቴ ክረምት አይወድም። ዶሮዎችሽ ደሕና ናቸው። ቀይዋ ግን ጠፋች።

ኢንተላ ኮ ልጀ እኔ አልዋሸሁም። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ይጣል ነው እንጂ ይጣል አይደለም። ወይዛሮ ሸዋርጋ ጉሉማ እነዚሕ ፀሐይ አይወዱም ለይተሕ ጻፍባቸው አሉኝ። እኔ በልቤ ጋዲሳ አልኩ። ጋዲሳ በአማርኛ ይጣል ነው። ያንኑ ጻፍኩ። ቀለሙ አምሮ ወጣ። አንቺ ግን በሰው ፊት ተነሥተሽ ይጣል ይላል አልሽ። እኔ ይጣል ነው ስል አንቺ የለም ይጣል ነው ትያለሽ። እኔ ምን ላድርግ።

በገበያ በኩል መሔድ ትቻለሁ። በበከኒሳ ቀሴ በኩል ዞሬ እሔዳለሁ። ሩቅ ነው ግን ሰው የለም። ታፋን ጎረቤታችንን የሌባ አባት ከመሆንና የውሸታም አባት ከመሆን የቱ ይሻላል ብዬ ጠየቅሁት። ሁለቱንም ተሸከም ትከሻሕ ሰፊ ነው አለኝ። እሱ ለመቀለድ ነው። እኔ አልሳቅሁም።

ይቅርታ በይ። አንድ ቃል ነው። እኔም አብሬሽ እቆማለሁ። ቀስ ጆቴም ልጅ ናት ይቅር እንላታለን ብለዋል።

እግዚአብሔር ጣል ይሁንሽ።

አባትሽ ጉላማ ነመረ

---

ቢላ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1954 ዓ.ም.

አባ ኮ፣

በእጅዎ የጻፉት ደረሰኝ። ከነቀምቴ ዕቃ በበቅሎ የሚያመላልሰው ወልደሩፋኤል ሱቁን ዘግቶ ራሱ ይዞልኝ መጣ፤ በቅሎው እስከ ሆዷ ጭቃ ነበረች። «እንዴት ያለ ደብዳቤ ቢሆን ነው አባትሽ በሦስት ጨርቅ የጠቀለለው?» አለኝ። የበቆሎው አገዳ ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። አዳዳ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አይታ የምስቅ መሰላትና አብራኝ መሳቅ ጀመረች። ፊቴን ሳዞር ግን ነጠላዋን አቀበለችኝ።

እርስዎ አልዋሹም። ይህን ዛሬ አወቅሁ። በምን እንዳወቅሁ አይጠይቁኝ።

በወልደሩፋኤል በኩል የላኩትን ጥያቄም ነግሮኛል። ጽሑፌ ተነበበልሽ ወይ ብለዋል። ከዳር እስከ ዳር ተነብቦልኛል። እንደዚያ የተነበበልኝ ደብዳቤ የለም።

ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ልጆች ደብተር በቀይ ቀለም አርሜአለሁ። እርስዎ ማታ ማታ ከትምህርት ሲመለሱ ደብተርዎን በብብትዎ ይዘው በእኔ በር በኩል ያልፉ ነበር። አንድ ቀን «እስቲ ልየው» አላልኩም። ለምን እንደምጽፈው አላውቅም፤ ብቻ ከጉባኤው ይልቅ ይህ ፊቴን አቃጠለው።

ሰሌዳው የት ነው ያለው? ግቢው ውስጥ ካለ እባክዎን ያንድዱት። ለማንም አያሳዩ፣ ለታፋም ቢሆን። እንጨት ካጠረዎት ከእኔ አልጋ ሥር ያለውን ሳንቃ ይውሰዱ፤ ያንን ግን ያንድዱት።

እኔም ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ። በጉባኤው ፊት እቆማለሁ። እንዲባል የፈለጉትን ሁሉ እላለሁ። ለቄስ ጆቴ ይንገሩልኝ።

ስለ ተክሎቹም ልንገርዎት። ጣሳዎቹን ሁሉ ገልብጬ ሥራቸውን በዝናብ ውኃ አጠብኩ። የበሰበሰውን በቢላዋ ቆረጥኩ፣ ቁስሉ ላይ አመድ ነሰነስኩ። የኮረሪማው ሥር እንደ ዝንጅብል ነው፤ ላዩ ጥቁር ሲሆን ውስጡ ነጭ ነው፤ ሲቆረጥም ሸተተኝ። የሞተ ነገር እንደዚያ አይሸትም። ከወንዝ ዳር ባመጣሁት ጥቁር አፈር መልሼ ተከልኳቸው። ጣሳውን ከሥሩ በምስማር በስቼዋለሁ፤ የተቃጠለ ተክል ላይ ውኃ ማብዛት ሌላ መግደያ ነው። አሁን ሥራዬ አለመንካት ብቻ ነው።

ልጅዎ ድርቤ

---

ነቀምቴ፣ ነሐሴ 27

ይድረስ ለልጄ ለድርቤ።

ደብዳቤሽን በሦስት ቀን አነበብኩት። ፊደልሽ ያምራል። ግን ታጣድፊዋለሽ።

አንቺ ስትወለጂ ጀምሮ ይቅርታ ብለሽ አታውቂም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነሽ የታፋን ጥጃ ማሰሪያ ፈተሽ ጥጃው ጎመኑን ሲበላ ጥጃው ርቦት ነው ብለሽ ተከራክረሻል። አሁን አንድ ጊዜ ብለምንሽ እላለሁ ትያለሽ። ታመሻል ወይ። አዳዳሽ የተናገረችሽ ነገር አለ ወይ።

ሰሌዳውን አላነድም። ጥሩ የዋንዛ ሳንቃ ነው። የዶሮ ቤት በር አድርጌዋለሁ። ደብዳቤሽ ሲመጣ ሔጄ አየሁት። ይጣል ይላል። ቀለሙ ዝናብ አልነካውም። ጥሩ ጽፌያለሁ። ለምን ይቃጠላል።

ቄስ ጆቴ ደስ አላቸው። ወይዛሮ ሸዋርጋም ሰሙ። ግቢ አግኝተውኝ ጉሉማ ልጅህ ተማረች ተማረች ሲሉኝ ምን እንደተማረች አሁን አየን አሉኝ። እኔ አካፋዬን ይዤ ሔድኩ። ልቤ ግን አልሔደም።

አሁን የምሥራች። ከማታ ተማሪዎች አንድ ሰው በጉባኤ ፊት መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያነብ ተባለ። የተመረጥኩት እኔ ነኝ። አንቺ በምትመጪበት እሑድ ነው። አንቺ ይቅርታ ትያለሽ እኔ አነባለሁ። ሰው አንዱን ሲሰማ ሌላውን ይረሳል ብዬ አስባለሁ።

ግን ፈርቻለሁ። አንዳንድ ፊደል ከወንድሙ ጋር ይመሳሰልብኛል። አስተማሪያችን ሔደዋል። ፊደሉን ሁሉ በየቤቱ ጽፈሽ ላኪልኝ። ትልልቅ አድርጊው። አንቺ አስተምሪኝ።

እግዚአብሔር ጣል ይሁንሽ።

አባትሽ ጉሉማ ነመረ

---

ቢላ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1954 ዓ.ም.

አባ ኮ፣

አልታመምኩም፤ አዳዳም አልተናገረችኝም። ሰው ይለወጣል፣ እርሱ ብቻ ነው። የሰሌዳውን ነገር እንዳላነሣሁት ይቁጠሩት። ብቻ የዶሮ ቤቱ በር ወደ መንገድ የዞረ ከሆነ ወደ ውስጥ ያዙሩልኝ፤ ዝናብ ያበላሸዋል።

ለንባቡ በመመረጥዎ ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ብዬ እስክጽፍ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ፤ የደስታ እጥረት ግን አይደለም።

ፊደሉን ጽፌ ልኬአለሁ፤ ከዚህ ጋር አለ። ከሀ ጀምረው በየቀኑ ጮክ ብለው ይበሉት። የእያንዳንዱን እግርና ክንድ በጣትዎ ይከተሉ። ረንና ራን አይቀላቅሉ፤ የአባትዎ ስም መጨረሻ ራ ነው። ለጠ ቤት ቦታ ስላልበቃኝ ትቼዋለሁ። ለዚያ ቀን ንባብም ብዙ አያስፈልግዎትም።

የተክሎቹ ወሬ ደግሞ እነሆ። ሐሙስ ጠዋት ከኮረሪማው ጣሳ አንድ ነገር ብቅ አለ። ቀይ ነው፣ እንደ አውራ ዶሮ ጥፍር ሹል ነው። አዳዳን ጠራኋት። ተንበርክካ አየችውና «ይሄ ለካ ተኝቶ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሁሉ ልታሳይ ታመጣለች። ትናንትና ለአንዷ ስትነግራት ሰማኋት፤ «የወንድሜ ልጅ የሰረቀችው ነው» አለቻት በኩራት። ቤጎኒያውም ከአንገቱ ላይ ሦስት አራት ጆሮ አውጥቷል። ላባ መሳዩ ብቻ እስከ አሁን ዝም ብሏል።

የይቅርታውን ቃል ከአዳዳ ፊት እለማመዳለሁ። «ሰርቄአለሁ» ስል እሷ ትስቃለች። «ይቅር በሉኝ የምትይ ሳይሆን ማን ነው ሌባ ያለኝ የምትይ ትመስያለሽ» ትለኛለች። ገና ጊዜ አለ፣ እለምደዋለሁ።

ልጅዎ ድርቤ

---

ነቀምቴ፣ መስከረም 9 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለድርቤ።

ኢንተላ ኮ፣ ይህን ደብዳቤ ከገበታ እያየሁ ነው የጻፍኩት። ለዚህ ነው የዘገየሁ።

ለጠ ቦታ አልበቃኝም አልሽ። ወረቀቱን ግን ገልብጬ አየሁት፤ ግማሹ ባዶ ነው። አንቺ ባዶ ወረቀት የምትተዪ ልጅ አይደለሽም። ልጅ ሆነሽ የስኳር ከረጢት ቀደሽ በሁለቱም ፊት ትጽፊበት ነበር። ከጠ ቤት ምን ደብቃኛለች አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ማስተማሪያ ክፍልሽ ገባሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አንቺ የሣልሽው የፊደል ገበታ ከግድግዳው ላይ አለ። የጠን ቤት አገኘሁ። ጠ ጡ ጢ ጣ እያልኩ በጣቴ ሄድኩ። ከዚያ ጥላ የሚለውን ቃል በአፌ እያልኩ ፊደሉን ፈለግሁ። ጥ። ላ። ገበታው ላይ ያገኘሁት እጄ ከለመደው ጋር አይመሳሰልም። አላምንም ብዬ ሰሌዳውን ከዶሮ ቤቱ ነቅዬ አመጣሁና ከገበታው ሥር አቆምኩት።

የ መሆን ነበረበት። ይ ነው። ጥ መሆን ነበረበት። ጣ ነው። ላ መሆን ነበረበት። ል ነው። ሦስቱም ቤታቸው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው እግራቸው ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ይጣል። ይህ ቃል በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በየቀኑ ስለ ቆሻሻ የሚሉኝ ቃል ነው። ከልጆቹ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመነሣት ቆየሁ።

ከዚያ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ትዝ አለኝ። ይጣል ነው እንጂ ይጣል አይደለም ያልኩሽ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ምን ይሁንሽ እንዳልኩሽ። አንቺም ያንን አንብበሽ፣ እርስዎ አልዋሹም፣ በምን እንዳወቅሁ አይጠይቁኝ አልሽ። ሰሌዳውን ያንድዱት አልሽ። እኔ እንዳይሳቅብኝ አንቺ ሌባ ልትባይ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ሰሌዳውን ተሸክሜ ሄድኩ። በገበያ በኩል ሄድኩ። ዝማሬ ሲያልቅ ተነሣሁ። ቄስ ጆቴ «ጉሉማ፣ ሳንቃ ይዘህ መጣህ፤ ልትሸጥልን ነው?» አሉ። ሰው ሳቀ። ሰሌዳውን ወደ ወይዘሮ ሸዋርጋ ወሰድኩና «እመቤቴ፣ እባክዎን ያንብቡልን» አልኩ። ሽያጩ እስኪያልቅ ድረስ ከፊቱ ቆመው የነበሩት እሳቸው ናቸው። «መነጽሬን አልያዝኩም» አሉ። ቄስ ጆቴ ተቀብለው አዩት። ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው «ይጣል» አሉ።

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ታፋ «እኔ ላይ እንዳይለጥፈው ያዙት» አለ። ድሮ ቢሆን እወጣ ነበር። አልወጣሁም።

«ሳቁ» አልኩ። «ያስቃል። ልጄ ግን ማንበብ ትችላለች። ያነበበችው የተጻፈውን ነው። የተጻፈውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጄ አልሰረቀችም። እኔም አልዋሸሁም። መጻፍ አልቻልኩም።» በአማርኛ ጀመርኩ፣ በኦሮምኛ ጨረስኩ። ማንም አላረመኝም።

ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ቦታሽ እንዳለ ነው፣ ይቅርታ ማለትም አያስፈልጋትም አሉ። ቄስ ጆቴ ደግሞ በኋላ ለብቻዬ ጠርተው፣ ጉሉማ ለጊዜው ንባቡን ለሌላው የማታ ተማሪ ለመገርሳ እንስጠው፣ ሰው እንዳይስቅ አሉኝ። እሺ አልኩ።

አፈርኩ። አልዋሽሽም። ነገር ግን ይኼ እፍረት ሌላ ዓይነት ነው። ያንኛው በጓሮ መንገድ ያስኬደኝ ነበር፤ ይኼኛውን ይዤ በገበያ መሀል አለፍኩ።

ትመጪያለሽ ወይ? ላባ መሳዩስ ተነሣ ወይ?

አባትሽ ጉሉማ ነመራ

---

ቢላ፣ መስከረም 18 ቀን 1955 ዓ.ም.

አባ ኮ፣

ተነሣ። ከሁሉም ኋላ ተነሣ። የመስቀል ዋዜማ ደመራ ሊያዩ ሲወጡ እኔ ከጣሳው አጠገብ ነበርኩ፤ እንደ ሕፃን ጡጫ የተጠቀለለ አረንጓዴ አየሁ። ዛሬ አንድ ጣት ፈትቷል።

እመጣለሁ። በሚመጣው ሳምንት ከወልደሩፋኤል በቅሎዎች ጋር እነሣለሁ፤ ጣሳዎቹን በሁለት ኮሮጆ ይጭንልኛል። «ሰርቀሽ ስትሄጂ ሸክምሽ ቀላል ነበር፤ ስትመልሺ ግን በቅሎ ትገድያለሽ» አለኝ። ይበል፤ እሱ ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ለአዳዳ አላነበብኩላትም። ሌባ ሲሉኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር፤ ባላደረግሁት ነገር የሚያሳፍር የለም። አሁን ነጻ ነሽ ሲባል አንገቴ ተሰበረ። ለእርስዎ ስል ሌባ ልባል በመፈለጌ ያመሰገኑኝ መሰለኝ። አያመስግኑኝ። እኔም በመጀመሪያ ጀግንነት መስሎኝ ነበር። እርስዎ ሰሌዳውን ተሸክመው በገበያ መሀል ማለፍዎን ሳነብ ግን ያደረግሁት ምን እንደሆነ ገባኝ፤ አባቴ እፍረት መሸከም አይችልም ብዬ የጠን ቤት ከፊቱ ደበቅሁ። ሸዋርጋ የናቁኝ ባልሠራሁት ነው። እኔ እርስዎን የናቅሁት አውቄ ነው። ደግሞ አስተማሪ ነኝ። ማንም ልጅ ፊደል እንዲጎድልበት አላደርግም፤ በእርስዎ ግን አደረግሁ።

ስለዚህ ይቅርታ አያስፈልጋትም ላሉት ሽማግሌዎች ይህን ይንገሩልኝ። ያስፈልገኛል። በዚያው ቦታ፣ የዚያን ዕለት የነበሩት ሰዎች ባሉበት እቆማለሁ። ሰርቄአለሁ አልልም። «አባቴን ዋሾ ብያለሁ፤ አባቴ ዋሽቶ አያውቅም» እላለሁ። ያንን መለማመድ አላስፈለገኝም። አዳዳም አልሳቀችም።

ንባቡን ግን አልተውም። ቄስ ጆቴን ጉሉማ ካላነበበ ድርቤ አታስተምርም ይበሏቸው። ማስፈራራት ነው ካሉ አዎ ይበሏቸው። ሰው ቢስቅ ይሳቅ። ገበታውን ወደ ቤት ይውሰዱት፤ ስመጣ አብረን እንቀመጣለን፤ እስከዚያ የጠን ቤት ከዚህ ሥር በትልልቁ ጽፌልዎታለሁ፤ ወረቀቱን ሙሉ ይዟል።

ጠ ጡ ጢ ጣ ጤ ጥ ጦ

ተክሎቹን ለወይዘሮ ሸዋርጋ በእጄ አስረክባለሁ። የተናገሩኝን ቃል እንዲመልሱልኝ አልለምንም፤ ኮረሪማው ቅጠሉን ዘርግቶ በረንዳቸው ላይ ሲቆም በየቀኑ ያዩታል። አንድ ነገር ግን እላቸዋለሁ፤ ዳግመኛ ጠራራ ላይ ካየሁት መልሼ እወስደዋለሁ። ያን ጊዜ ሌባ ይበሉኝ።

ለአዲሶቹ ጣሳዎች ሰሌዳ ያስፈልጋል። እኔ አልጽፍም። እርስዎ ይጻፉ።

ልጅዎ ድርቤ

---

ነቀምቴ፣ መስከረም 24 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለድርቤ።

ይህ አጭር ነው። ወልደሩፋኤል ይጠብቃል።

ሰሌዳውን ጻፍኩ። አሮጌውን ሳንቃ ገልብጬ በጀርባው ነው የጻፍኩት። የፊቱን አልፋቅሁም። ደርቋል። ታፋ መጥቶ አነበበው። ቀልድ ፈልጎ ነበር፣ አላገኘም። ወይዘሮ ሸዋርጋ ሲያልፉ ቆመው አዩት። ዛሬ መነጽር ነበራቸው። «ኮረሪማው ስንት ቅጠል አወጣ?» አሉኝ። ድርቤን ይጠይቋት አልኳቸው።

ለቄስ ጆቴ ያልሽውን ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ከዚያ ፂማቸውን ይዘው አሰቡ። ከዚያ መገርሳ መጣና ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ማንበብ አልችልም አለ። ትናንት ሲዘምር ሰምቼዋለሁ። ምንም አላመመውም። ስለዚህ የማነበው እኔ ነኝ።

በገበያ በኩል ነው የምቀበልሽ።

እግዚአብሔር ጥላ ይሁንሽ። ጥ ስድስተኛው። ላ አራተኛው። ቆጥሬያለሁ።

አባትሽ ጉሉማ ነመራ